አፍን አስሮ ሽምግልና

ሰው ሃምሳ ዓመት ሲጠጋው ሐጅ ያስባል፣ የቤቱን ቆርቆሮ ይቀይራል፣ ስኳር አለብህ የተባለ እንደሆነ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በእግሩ ይሄዳል። እኔ ጥርሴን አሳሰርኩ። ይኼን ስነግራቸው የሚስቁ ሰዎች አሉ። አልቀየማቸውም፤ የሌላ ሰው ጥርስ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከጆሮ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከግራ ጆሮዬ ሥር አንድ ሕመም ይነሳና ወደ ጭንቅላቴ ይወጣል። ጠዋት ስነቃ መንጋጋዬ ሌሊቱን እህል ሲፈጭ ያደረ ይመስል ዝሎ ይጠብቀኛል። ጆሮውን ያመመው ሰው በቀጥታ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ከመሰላችሁ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ አታውቁም ማለት ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ በየቀኑ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፣ ዳገቱን እወጣለሁ። በዚያ መንገድ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሁሉ ሐኪም ነበር። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀህ አንጠብጥብበት አለችኝ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ በጣም እርግጠኛ ሆኖ፣ «የአንተ በሽታ ቁልቁለቱ ነው። ጠዋት ብርድ፣ ረፋዱ ላይ ሙቀት፤ ጆሮ ሁለት አገር መኖር አይችልም» አለኝ። ይኼኛው ሳይንስ ሳይንስ ሸተተኝ። አንድ ክረምት ሙሉ ስወርድ ጆሮዬን በጥጥ እየወተፍኩ፣ ስወጣ ጥጡን እያወጣሁ ከረምኩ። ባለቤቴ ዘይነባ፣ «ያመመህ ጆሮህ ነው ወይስ እኔን መስማት?» ትለኝ ነበር።

ጥጡ አልሠራ ሲል የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በመብራት አየኝና፣ «ጆሮህ ከእኔ ጆሮ ይሻላል፤ ይልቅ ጥርስህን ታይ» ብሎ ሸኘኝ። ጆሮ አሞኝ ሄጄ ጥርስህን ማለቱ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል፤ ቢሆንም በማግስቱ ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት የጥርስ ክሊኒክ ገባሁ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከተማሪዎቼ እንደ አንዷ። ተማሪዎች ያልኩት፣ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ውስጥ የንድፈ ሐሳብ መምህር ስለሆንኩ ነው። መሪ አላስይዝም፤ ሕጉን ነው የማስተምረው። ቁም የተባለበት ቦታ ይቆማል፣ መንገዱ ላይ ዝንብ ባይኖርም ይቆማል። ይኼ ጠባዬ ኋላ ምን እንዳደረሰብኝ ታያላችሁ።

«ይንከሱ» አለችኝ ዶክተሯ።

ነከስኩ።

«እሺ፤ አሁን ይንከሱ።»

«ነክሻለሁ እኮ!»

«ጋሼ፣ ይኼ መንከስ አይደለም» ብላ መስታወት ሰጠችኝ።

በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ አፌን ገጥሜ ስመለከተው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። አልገጠመም። የታችኛው መንጋጋዬ ወደ ግራ ሸሽቷል። በቀኝ በኩል የላይኞቹና የታችኞቹ ጥርሶች ይተላለፋሉ እንጂ አይገናኙም። ከፊት ደግሞ የላይኞቹ ወደ ፊት ስለወጡ በእነሱና በታችኞቹ መሃል ጣት ያስገባል። ዶክተሯ እንዳስረዳችኝ የማኘኩ ሸክም ሁሉ የወደቀው በግራ በኩል ባሉ አራት የመንጋጋ ጥርሶች ላይ ነው። መንጋጋው ያለቦታው ሲገጥም ከጆሮ ፊት ያለው መጋጠሚያ ይደክማል፤ እኔ ጆሮ ያልኩት ሕመም እሱ ነበር። እንግዲህ አፍ ሙሉ ጥርስ ኖሮኝ ሥራ የሚሠሩት አራት ብቻ ናቸው። መሥሪያ ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይኼ አይገርመውም።

«ከምን መጣ?» አልኳት።

«ከብዙ ነገር ይመጣል። በልጅነት ጣት መጥባት፣ በአፍ መተንፈስ፣ የወተት ጥርስ ያለጊዜው መውለቅ። ብዙ ጊዜ ግን ከዘርም አለ። አባትዎ እንዴት ነበሩ?»

አባቴ ሲስቅ መንጋጋው ወደ ግራ ይሄድ ነበር። እኛ ልጆቹ፣ ሰው አባት ሲሆን እንደዚያ የሚስቅ ይመስለን ነበር። ታላቅ ወንድሜም እንደዚያው ነበር። እሱ አላህ ይዘንለት ከሞተ ቆይቷል፤ ልጁን ሰይድን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ሰይድም ሲስቅ ወደ ግራ ነው። ይኼን ስነግራት «ልጁንም ያምጡት» አለች። መጀመሪያ እኔ ልሞከር አልኳት።

«ግን በዚህ ዕድሜ ይሆናል?»

«ጥርስ ዕድሜ አይጠይቅም። ድዱና አጥንቱ ጤነኛ ከሆነ ሲገፉት ይንቀሳቀሳል፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ።»

እኔ ጥርስ አንዴ ከበቀለ የሚንቀሳቀሰው ሊወልቅ ሲል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ልክ ተወሰደ። እንደ ገንፎ ያለ ነገር በብረት ማንኪያ ሞልታ አፌ ውስጥ ከተተችና «በአፍንጫዎ ይተንፍሱ» አለችኝ። አፍንጫ እንዳለኝ ጠፋኝ። ዓይኔ እያለቀሰ፣ እግሬ እየተወራጨ፣ ገንፎው ረጋ። በሳምንቱ ስመለስ የጥርሴ ቅርጽ በጄሶ ተሠርቶ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ሰው የገዛ አፉን ከውጭ ማየት የለበትም። የማን እንደሆነ ሳላውቅ ባየው ኖሮ «ይኼ ሰውዬ በጤናው ነው?» እል ነበር።

ብረቱ ተለጠፈ፣ ሽቦው ተሳበ። ማሳሰቢያውም ተነበበልኝ፦ ቆሎ የለም፤ አጥንት መጋጥ የለም፤ ሸንኮራ የለም።

«ጫትስ?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እሱን ጥርስዎን ሳይሆን ራስዎን ይጠይቁ» አለችኝ። እስካሁን አልጠየቅሁም።

ኮምቦልቻ ስወርድ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀኝ። የመንጃ ፈቃድ መምህር አፉ ውስጥ ብረት ተሸክሞ ሲመጣ ሰው ምን ይላል? «ገጭቶ ነው» ይላል። በሦስተኛው ቀን ወሬው አድጎ የገጨሁት ሲኖትራክ ሆነ፤ በአምስተኛው ቀን ጥፋቱ የእኔ ሆነ፤ በሳምንቱ ሁለት ተማሪዎች ሌላ ማሠልጠኛ ተመዘገቡ። መኪና እንደሌለኝ፣ መንዳትም ካቆምኩ ዓመታት እንዳለፉኝ ማስረዳት ነገሩን አባሰው። የማይነዳ መምህር ነው ለካ ተባለ።

አንድ ጊዜ ሕግ ጥሻለሁ። አንዷ ተማሪዬ ፈተና ስታልፍ የገብስ ቆሎ በኦቾሎኒ ይዛ መጣች። አንድ ፍሬ ማንን ገደለ ብዬ ቆረጠምኩ፤ ቀጭ አለ። ቀጭ ያለው ገብሱ ሳይሆን ብረቱ ነበር። ዶክተሯ አልተቆጣችም። የተገነጠለውን እየለጠፈች፣ «ጋሼ፣ ተማሪዎ ቀይ መብራት ጥሶ ቢያልፍ ምን ያደርጉታል?» አለችኝ።

«እጥለዋለሁ» አልኩ።

«እንግዲያስ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ያለችኝን ሁሉ ቃል በቃል ፈጸምኩ። ስለዚህ ከወራት በኋላ ትንንሽ የላስቲክ ቀለበቶች አውጥታ በግራም በቀኝም ከላይኛው ጥርስ ወደ ታችኛው ስትዘረጋልኝ አልተከራከርኩም። መንጋጋዬን ወደ ቦታው የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። «የሚፈቱት ለምግብና ለመቦረሽ ብቻ ነው» አለችኝ። «ሲተኙም፣ ሲያስተምሩም አይፈቱም። ፈታ አሰር ካደረጓቸው ድካማችን ሁሉ መና ነው።» አፌ የሚከፈተው ሰንሰለቱ እንዳልተፈታ በር ያህል ብቻ ሆነ። በክፍል ውስጥ ትምህርቱን በሰሌዳ እየጻፍኩ አሳለፍኩ፤ ተማሪዎቼ እንደዚያ ሰሞን ተደስተው አያውቁም።

በዚህ መሃል ሰይድ ማግባት ፈለገ። ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። መዲና የምትባል የገራዶ ልጅ ከአክስቷ ጋር ጨርቅ ልትገዛ ስትመጣ አያትና፣ ከዚያ ወዲህ ሲለካ ሜትር ይሳሳታል። ሽማግሌ ተላከ። በመጀመሪያው ጉዞ ተናጋሪው የቤተሰቡ ትልቅ፣ አጎቴ ሼህ አሊ ነበሩ። ሼህ አሊ ንግግራቸው ማር ነው፤ ችግሩ ሰማንያን ካለፉ ወዲህ ማሩ የት እንደሚፈስ አይታወቅም። መሃል ላይ የልጁ ስም ጠፋባቸውና «ልጃችን፣ እ... ይኸው ልጃችን» ሲሉ ቆይተው ተመለሱ። በሁለተኛው ጉዞ ስሙን ሳይረሱ ተናገሩ፤ የተናገሩት ግን የአባትየውን ስም ነበር። ልጅቷን ለሟች ወንድሜ ጠየቁ።

እነ መዲና ሦስተኛ ቀጠሮ ሰጡ። ሌላ ቤትም ጠይቋቸዋል፤ ስለዚህ ይኼኛው የመጨረሻ ነው። ሰይድ እህል ማየት ተወ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ሼህ አሊ ለትልቅነታቸው አብረው እንዲሄዱ፣ ተናጋሪው ግን እኔ እንድሆን ቆረጠ። አብረውን የሚሄዱት ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ክርስቲያን ስለሆኑ ንግግሩን በዱዓ መክፈት አይችሉም። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ላስቲኩ ከታሰረ አራተኛ ቀኑ ነው።

እሁድ ጠዋት ስንወጣ ሰይድ በር ላይ ቆሞ ነበር። «አጎቴ፣ እንደ አባቴ ሆነህ ተናገርልኝ» አለኝ። በጥርሴ መሃል «አብሽር» አልኩት፤ «አብር» ብሎ ነው የወጣው።

ወደ ገራዶ ስንሄድ ጋሽ ደምሴ ዘወር ብለው አዩኝ።

«ያንን ላስቲክ አውጣው እንጂ!»

«አይፈታም፤ ሕግ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የዶክተሯ።»

«ልጅ የምትድረው ዶክተሯ ናት?»

ግማሹን በጥርሴ መሃል፣ ግማሹን በእጄ ምልክት፣ እቅድ እንዳለኝ ነገርኳቸው። ደርሰን ምግብ ይቀርባል፤ ምግብ ሲቀርብ ላስቲኩን መፍታት ይፈቀዳል፤ አንድ ጉርሻ እጎርስና አፌ ክፍት ሆኖ ሳለ ንግግሬን አደርጋለሁ። ሕግም አልተጣሰም፣ ሚስትም ተገኘች። ጋሽ ደምሴ እንደገና ዘወር አሉ።

«አንተ፣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል ይቀምሳል እንዴ?»

ደነገጥኩ። እውነታቸውን ነው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ መልስ ሳይሰጠው የሰው ቤት ውኃ እንኳ አይቀምስም፤ ይኼን በአገሩ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ካልተናገርኩ አልበላም፤ ካልበላሁ ላስቲኩ አይፈታም፤ ላስቲኩ ካልተፈታ አልናገርም። በጠባብ ድልድይ ላይ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ሲገናኝ ቅድሚያ የማን እንደሆነ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ይኼኛው በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

የመዲና አባት ሀጂ ይማም ግዙፍ፣ ጢማቸው የነጣ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እኅታቸው እቴቴ ከድጃ፣ ማለትም ጨርቅ ሊገዙ መጥተው የነበሩት አክስት፣ ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር አጠገብ ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ቤቱ ደህና፣ ልጁ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ሀጂ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አጎቴ ሼህ አሊ። ይኼን እንኳ አልረሱትም።

«እንግዲያው ተናገሩ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በቢስሚላህ ጀመርኩ፤ ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማ ድምፅ ወጣ። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ቀጠልኩ።

«ምን አለ?» ብለው ሀጂ አጎቴን ጠየቋቸው።

«እኔም አልሰማሁት። የኔስ ጆሮዬ ነው» አሉ አጎቴ።

ሰይድ በር ላይ የቆመው ትዝ አለኝ። ሕግ ልጥስ ወሰንኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስ አድርጌ ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩና የቀኙን ላስቲክ ነቅዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ጨመርኩት። ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበር።

«ምንድን ነው ያወጣኸው?» አሉ ሀጂ።

«ላስቲክ ነው ሀጂ።»

«ማስቲካ ነው!» አሉ እቴቴ ከድጃ ከበሩ በኩል። «ወላሂ ማስቲካ ነው! ከገባ ጀምሮ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ እያየሁት ነው።»

በገራዶ ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ ማስቲካ ከማኘክ፣ አለመምጣት ይሻላል። ሀጂ ይማም ከመደቡ ተነሱ። ሲነሱ ጣሪያው ዝቅ ያለ መሰለኝ።

«ሱብሃነላህ! አንዱ ሽማግሌ ልጄን ለሞተ ሰው ጠየቀኝ፤ ትልቅ ሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ። እናንተ ደግሞ ማስቲካ የሚያኝክ ላካችሁብኝ?»

«ሀጂ፣ በአላህ፣ ላስቲክ ነው፣ ይመልከቱ» እያልኩ ለማሳየት የግራውን በጥድፊያ ሳብኩት። ከጣቴ ሾለከ። ተስፈንጥሮ ሄዶ የሀጂ ጢም ላይ ዐረፈ።

ሁሉም ጢማቸውን ሲያይ አጎቴ ሼህ አሊ ዱዓው ያለቀ መስሏቸው እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ።

ያዳኑኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። «አፍህን ክፈት!» ብለው ጮኹብኝ። «ክፈትና ይዩ!»

ከፈትኩ። ሀጂ አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝ። እቴቴ ከድጃ የስልካቸውን መብራት አብርተው መጡ። በቅሎ ገበያ ቆማ ጥርሷ ሲታይ ምን እንደሚሰማት ያን ቀን ገባኝ።

«ያረቢ! አጥር አስገብቷል!» አሉ እቴቴ ከድጃ።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አሉ ሀጂ፣ ጣታቸው አፌ ውስጥ እንዳለ።

«አርባ ዘጠኝ።»

«ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«ታዲያ ለማን ነው ይኼ ሁሉ?»

አስረዳሁ። ከጆሮው ጀመርኩ፣ ጥጡን ነገርኳቸው፣ ሥራ ፈት ጥርሶቼንና የሚያኝኩትን አራቱን ነገርኳቸው። ላስቲኩ ስለወጣ ንግግሬ እንደ ወንዝ ፈሰሰ። የሀጂ ቁጣ ቀስ እያለ በረደና በቦታው ጉጉት ገባ። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

«ግን ከምን ይመጣል?» አሉ ሀጂ።

ጋሽ ደምሴ አሳላቸው።

«ከብዙ ነገር ነው ሀጂ» አልኩ። «ለምሳሌ በልጅነት ጣት መጥባት...»

«አንተ ጣት ትጠባ ነበር?»

«ኧረ አልጠባሁም።»

«እህሳ?»

ሽማግሌ ሥራው የሚያምረውን መናገር፣ የማያምረውን መሸፈን ነው። ሀጂ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የጠየቁኝ፤ ልጃቸውን የሚሰጡ ሰው ናቸው። ቢዋሹኝ እኔስ ደስ ይለኛል? «ወላሂ ሀጂ፣ ከዘር ነው» አልኩ። «አባቴ ነበረው። ወንድሜም ነበረው። ሰይድም አለው።»

ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሀጂ መደቡ ላይ ተመልሰው ተቀመጡና የሙስበሃቸውን ፍሬ አንድ በአንድ ይቆጥሩ ጀመር። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ነው። አንድ ልጅ እንደ አባቴ ሆነህ ተናገርልኝ ቢለኝ፣ መጥቼ ነውሩን ዘረዘርኩ። ወንድሜ በሕይወት ቢኖር እንዲህ አያደርገውም ነበር። ይኼን ሳስብ በጣም አዘንኩ፤ ከዚያ ቤት መውጣት ብቻ ነበር የፈለግሁት።

እቴቴ ከድጃ በዚህ መሃል ተነስተው ወደ ጓዳ ገብተዋል። ትንሽ ቆይተው ወጡና ወደ ሀጂ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ምን?» አሉ ሀጂ።

እቴቴ ከድጃ ደገሙላቸው።

«ሰው ይስማ፤ ጮክ ብለሽ ተናገሪው።»

«መዲና እሺ ብላለች ነው የምልህ። ሁሉንም ከጓዳ ሰምታለች።»

«ማን ጠየቃትና?»

«መህሯንም ተናግራለች።»

ሀጂ ሙስበሃውን መቁጠር አቆሙ። መህር ሙሽራዪቱ ለራሷ የምትጠይቀው ስጦታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ ነው። «ምን አለች?» አሉ።

«ወርቅ አልፈልግም ትላለች። ያንን ብረት ነው የምትለው።»

«የቱን ብረት?»

እቴቴ ከድጃ በጣታቸው ወደ አፌ ጠቆሙ። ሁሉም አፌን አዩ። እኔም ዘጋሁት።

«ጥሪያት» አሉ ሀጂ።

መዲና ገባች። ቀጭን፣ ረዘም ያለች ልጅ ናት። የሻርፗን ጫፍ በእጇ ይዛ እስከ አፍንጫዋ ሸፍናለች። አባቷ ግራ ተጋብተው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኛን ያያሉ።

«ይቺ ልጄ ከሰው ፊት ጥርሷን ገልጣ ስቃ አታውቅም» አሉን። «ሁልጊዜ እጇ አፏ ላይ ነው። ጨዋነቷን በሄድኩበት አወራለሁ። አሁን ምን ጎድሏት ነው ይኼን የምትጠይቀው?»

መዲና ሻርፑን ወደ ታች አወረደችው።

ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቿ ወደ ፊት ወጥተው አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበዋል፤ ከንፈሯ ሙሉ በሙሉ አይገጥምላትም። በእኔ አፍ ውስጥ ካለው ጣጣ ጋር ሲተያይ ቀላል ነገር ነው፤ በትዕግሥት የሚስተካከል ነው። ሀጂ ግን ከመደቡ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ቅድም የእኔን እንዳዩት ሳይሆን በፍርሃት ነው ያዩት።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«የወተት ጥርሴ ወልቆ ሌላው ሲበቅል ጀምሮ ነው አባዬ።»

«እና ይኼን ሁሉ ዘመን ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እርስዎ አፍሽን ሸፍኚ ሲሉኝ፣ ያወቁ መስሎኝ ነበር።»

መዲና ሻርፑን መልሳ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ አባቷ እጇን ያዙት።

«ተይው» አሏት። «ተይው ልጄ፣ ይታይ።»

ከዚያ ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሱ፣ ወደ እኛም ሳይዞሩ፣ «ሰጥቻችኋለሁ» አሉን።